አቶ ሩፋኤል እንግድነት የሄዱ ጊዜ

ባለፈው ሚያዝያ ለልጄ ያገለገለ ብስክሌት ልገዛ ጋምላ እንሼደ ወደሚባለው የስቶክሆልም ሰፈር ሄጄ ነበር። ሻጩ ሰውዬ ጎማውን ሊነፋልኝ ወደ ጓሮ ሲገባ እኔ አጥሩ በር ላይ ቆሜ ቀረሁ። ዝናቡ ገና መቆሙ ነው። ከጎን ያለው ግቢ ውስጥ አንዲት ሴት የቁጥቋጦ አጥሯን ትከረክማለች። የተቆረጠው ቅጠልና የራሰው አሮጌ እንጨት ሽታ አንድ ላይ ሲመጣብኝ ብስክሌቱንም ሰውዬውንም ረሳኋቸው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ እዚሁ ሰፈር ውስጥ ቆምኩ።

እንሼደ የኖርነው አንድ ዓመት ብቻ ነው። ስቶክሆልም እንደገባን ያረፍነው እንደ ብዙ የኛ ሰው ፊቲያ በሚባል ሰፈር፣ አክስቴ ቤት ነበር። በኋላ አባቴ ሶልና በሚሠራበት ቢሮ ውስጥ አንድ ስዊድናዊ ባልደረባው ለሥራ ወደ ውጭ አገር ሲሄድ፣ እስኪመለስ ድረስ ቤቱን በአንድራሃንድ፣ በጊዜያዊ ኪራይ፣ አከራየን። አክስቴ ሰፈሩን ልታይ መጥታ መንገዱን ከላይ እስከ ታች ቃኘችና፣

"እዚህ ሰው የለም እንዴ?" አለች።

"አለ" አላት አባቴ።

"ታዲያ የት ነው?"

"ቤቱ ነዋ።"

እውነቷን ነበር። ትንንሽ የእንጨት ቤቶች ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ተቀብተው በጠባብ መንገድ ግራና ቀኝ ተደርድረዋል። ጣሪያቸው ሹል፣ መስኮታቸው ነጭ፣ ግቢያቸው ትንሽ ነው። በእያንዳንዱ ግቢ ውስጥ አንድ ሁለት ያረጁ የፖም ዛፎች አሉ። በየመስኮቱ ደፍ ላይ መብራት በርቷል። ከመብራቱ ኋላ ግን ሰው አይታይም። የበር መዝጊያ ድምፅ እንኳ ከሰማን "ዛሬ አንድ ሰው ወጣ" ተባብለን እንስቅ ነበር።

እኔን ያስፈራኝ ዝምታው ሳይሆን የባንዲራ ምሰሶው ነው። ግማሹ ቤት ግቢው ውስጥ ረጅም ነጭ ምሰሶ አለው። አዲስ አበባ ሳለሁ የባንዲራ ምሰሶ የማውቀው ትምህርት ቤት፣ ቀበሌና ፖሊስ ጣቢያ ነው። መንገዱ ላይ ትምህርት ቤት አለመኖሩን ስላረጋገጥኩ፣ የቀሩት ፖሊስ ጣቢያዎች መሆን አለባቸው ብዬ ደመደምኩ። ለብዙ ሳምንት ከትምህርት ቤት ስመለስ በዚያ መንገድ ላይ አልሮጥኩም።

በጥቅምት አያቴ የብርዱን ወራት ከእኛ ጋር ሊያሳልፉ ከአዲስ አበባ መጡ። እናቴን የወለዱት እሳቸው ናቸው። አባባ እላቸዋለሁ። ዕድሜ ልካቸውን የስፖርት አስተማሪ ስለነበሩ ጡረታ ከወጡም በኋላ ፊሽካቸው ከአንገታቸው አልወረደም። እንደ ምሰሶ ቀጥ ብለው ነበር የሚሄዱት። እናቴ ጠዋት የስዊድንኛ ትምህርቷን ተምራ ከሰዓት ሥራ ትገባለች። አባቴም በጨለማ ወጥቶ በጨለማ ይመለሳል። ስለዚህ ያን ወቅት አባባና እኔ አብረን አሳለፍነው ማለት ይቻላል። እሳቸው እኔን ከትምህርት ቤት ይመልሱኛል፣ እኔ ደግሞ አስተርጓሚያቸው ነኝ።

አባባ በየጠዋቱ ጓሮ ወጥተው ስፖርት ይሠራሉ። በረዶ ጣለ አልጣለ ግድ የላቸውም። "ብርድ የሚይዘው የሚፈራውን ሰው ነው" ይላሉ። ጉልበታቸውን ወደ ደረታቸው እያነሱ፣ እጃቸውን እየዘረጉ፣ መቶ ተማሪ ፊታቸው የተሰለፈ ይመስል ጮክ ብለው "አንድ! ሁለት! ሦስት! አራት!" ይቆጥራሉ። እናቴ በሃፍረት መጋረጃ ትዘጋለች። "ጎረቤት ይከሰናል አባዬ" ስትላቸው፣ "ጎረቤት ካለማ ይምጣና አብሮኝ ይሥራ" አሏት።

ጎረቤት መጣ። ከቁጥቋጦው አጥር ማዶ ሩነ የሚባሉ ሽማግሌ ከባለቤታቸው ከኢንግሪድ ጋር ይኖሩ ነበር። ረጅም፣ ጎበጥ ያሉ፣ ቅንድባቸው ዓይናቸው ላይ የወደቀ ሰው ናቸው። ለብዙ ቀን በመስኮት ሲያዩን ሰነበቱና አንድ ጠዋት የሱፍ ቆባቸውን አጥልቀው ወጡ። አጥሩ ጋ ቆመው እንደ አባባ እጃቸውን ዘረጉ። አባባም ቆጠራውን ከመጀመሪያው ጀመሩላቸው።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሽማግሌዎች አጥሩን መሐላቸው አድርገው በየጠዋቱ ይገናኙ ጀመር። የጋራ ቋንቋ አልነበራቸውም። ለአባባ የጎረቤታችንን ስም ስነግራቸው፣

"ሩፋኤል ነው?" አሉኝ።

"ሩነ ነው አባባ።"

"አሳጥረውት ነዋ" አሉ፤ ከዚያ ቀን ወዲያ አቶ ሩፋኤል ሆነው ቀሩ።

አንድ ጊዜ ግን በሩነ ምክንያት ተቆጡኝ። ሩነን የሆነ ነገር ስጠይቃቸው አባባ አጠገቤ ነበሩ። "ዱ" የምትለዋ ቃል ጆሮአቸው ውስጥ ገባች።

"ዱ ምንድን ነው?"

"አንተ ማለት ነው።"

"አያትሽን የሚያህሉ ሰው አንተ ትያለሽ?"

"እዚህ አገር ሁሉም ሰው ለሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚለው።"

"ሁሉም ሰው ተሳስቷላ! አንቱ የላቸውም?"

አሰብኩና እናንተ የሚሉበት "ኒ" የምትባል ቃል ትዝ አለችኝ። በማግስቱ ሩነን "ኒ ደህና አደራችሁ?" አልኳቸው። ሩነ ዞር ብለው ከኋላቸው ማን እንዳለ ፈለጉ፤ ማንም የለም። ነገሩን ስነግራቸው ቆባቸው እስኪወድቅ ሳቁ። ከዚያ ለአባባ ከወገባቸው ጎንበስ ብለው በትልቅ አክብሮት በስማቸው "ሄር ተፈራ"፣ አቶ ተፈራ፣ አሏቸው። አባባም ጎንበስ ብለው "አቶ ሩፋኤል" አሉ። እኔም ከቅጣት ዳንኩ።

የባንዲራው ምሥጢር የተገለጠልኝም በሩነ ነው። በኅዳር አንድ ጠዋት ሩነ ግቢያቸው ውስጥ ባንዲራ ሲሰቅሉ አየን። ምን በዓል ነው ብዬ ብጠይቃቸው የኢንግሪድ ልደት ነው አሉኝ። አባባ ማመን አቃታቸው።

"ለሚስታቸው ልደት የአገር ባንዲራ ሰቀሉ? መንግሥት ይፈቅዳል?"

"የራሳቸው ነው አባባ። ገዝተውት ነው።"

አባባ ቆመው ሰማያዊና ቢጫው ጨርቅ ሲውለበለብ ለረጅም ጊዜ አዩና፣ "ጥሩ ባል ናቸው" አሉ። እኔም ከዚያን ቀን ጀምሮ መንገዱ ላይ መሮጥ ጀመርኩ።

ከገና በኋላ ሩነ ለስፖርት መውጣት አቆሙ። ኢንግሪድ አጥሩ ጋ መጥተው ሆስፒታል እንደተኙ ነገሩኝ። አባባ ወዲያው ኮታቸውን አነሱ።

"የት ነው ሆስፒታሉ? እንሂድ።"

ማታ አባቴ፣ እዚህ አገር በሽተኛን ቤተሰቡ ሳይጠራ ሄዶ መጠየቅ እንደማይለመድ አስረዳቸው። አባባ አልተዋጠላቸውም፤ ግን አገሩን አላውቅም ብለው ተቀመጡ። ኢንግሪድ በሌላ ቀን፣ "አልጋው ላይ ሆኖ እጁን እያነሳ በእናንተ ቋንቋ ይቆጥራል፤ ነርሶቹ ምን እንደሚል ግራ ገብቷቸዋል" ብለው ሲነግሩን አባባ ደስታቸው ወሰን አልነበረውም። "ስንት ደርሰዋል?" አሉ። አራት ላይ እንደሚያቆሙ ስነግራቸው፣ "ጥፋቱ የኔ ነው፤ ከአራት በላይ አላስተማርኳቸውም" አሉ።

በየካቲት መጀመሪያ ላይ ኢንግሪድ እንደገና አጥሩ ጋ መጡ። ፊታቸው ነጭ ሆኗል፤ ግን ብርዱ ነው ብዬ አሰብኩ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ሩነ ሃር ጎት ቦርት" አሉኝ።

ቃል በቃል "ሩነ ራቅ ብሎ ሄደ" ማለት ነው። የክፍል ጓደኛዬ ወላጆቿ ቅዳሜ ማታ እራት ሲጠሩ "ጎት ቦርት" ናቸው ትል ስለነበር፣ ቃሉን በደንብ የማውቀው መሰለኝ። አባባ "ምን አሉ?" ሲሉኝ፣

"አቶ ሩፋኤል እንግድነት ሄደዋል" አልኳቸው።

"ከሆስፒታል ወጥተው?"

"እንደዚያ ነው መሰለኝ።"

አባባ ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። "ተመስገን! ተመስገን ጌታዬ! እንግድነት ለመሄድ ከበቁማ ድነዋል ማለት ነው!" አሉ። ኢንግሪድ ጸሎት መስሏቸው አንገታቸውን ደፉ። ሲያበቃ የአባባን እጅ በአጥሩ ላይ ጨብጠው፣ "አመሰግናለሁ" ብለው ገቡ። አባባ ማታ ለእናቴም ለአባቴም የአቶ ሩፋኤልን መዳን አበሰሩ። እናቴም እግዚአብሔር ይመስገን አለች።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሳምንታት የጥበቃ ነበሩ። አባባ በረዶ በጣለ ቁጥር አካፋቸውን ይዘው የኛን ደጅ ሲጨርሱ የሩነንም ይጠርጋሉ። "ሰው ከመንገድ ሲመጣ ደጁ በበረዶ ተደፍኖ መጠበቅ የለበትም" ይላሉ። ጠዋት ጠዋትም ለአጥሩ ይበልጥ ቀረብ ብለው፣ ድምፃቸውንም ከፍ አድርገው ይቆጥሩ ጀመር፤ ምናልባት ሌሊት ገብተው እንደሆነ እንዲሰሙ ነው።

በየካቲት መጨረሻ ትምህርት ቤት ለአንድ ሳምንት ተዘጋ። ሁዳዴም ገብቷል። አርብ ዕለት እኩለ ቀን ላይ አባባ ከመስኮቱ ሆነው ጠሩኝ።

"ነይ እስቲ፣ ያንን ባንዲራ እዪ።"

የሩነ ባንዲራ ምሰሶው መሐል ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል።

"ንጉሣቸው ሞተዋል እንዴ?" አሉኝ። ባንዲራ ዝቅ ብሎ የሚውለበለበው የአገር መሪ ሲሞት እንደሆነ ያውቃሉ። አባቴ ጋ ደወልን። አባቴ ንጉሡ ደህና ናቸው፣ ማንም አልሞተም አለ።

አባባ ትንሽ አሰቡና ፊታቸው በራ። "ገባኝ! አቶ ሩፋኤል ዛሬ ሊመጡ ነው። ልጆቻቸው ሊቀበሏቸው ባንዲራ ሲሰቅሉ ገመዱ ተያዘባቸው። ትተውት ሄዱ።"

"አባባ፣ የሰው ግቢ አይገባም..."

"የጎረቤት ግቢ የሰው ግቢ አይባልም። ጫማሽን አድርጊ።"

ቤቱ ውስጥ ማንም አልነበረም። አባባ ጓንታቸውን አውልቀው የደረቀውን ገመድ በትንፋሻቸው እያሞቁ ፈቱት። ከዚያ እኔ ጫፉን ይዤ፣ እሳቸው እየሳቡ፣ ባንዲራው ቀስ እያለ ወጥቶ የምሰሶው አናት ላይ ደረሰ። ገመዱ አንድም ቦታ አልተያዘም ነበር። ሁለታችንም ይህን አላስተዋልነውም። አባባ ወደ ኋላ ሦስት እርምጃ ሄዱና፣ "ተጠንቀቅ!" ብለው አዘዙኝ። በባዶ ግቢ ውስጥ በተጠንቀቅ ቆምን። ከዚያ ቤት ገብተን መስኮት ሥር ተቀምጠን ጠበቅን።

ከሰዓት በኋላ መኪኖች መጡ። ከመኪኖቹ የወረዱት ሰዎች በሙሉ ጥቁር ለብሰዋል። የሩነ ልጅና የልጅ ልጆቻቸው ነጭ ክራቫት አስረዋል።

"ሰርግ ነው!" አልኩ።

"በሁዳዴ?" አሉ አባባ። "ደግሞ ጥቁር ለብሶ ሰርግ አለ?"

"የወንድ ሱፍ ሁሌ ጥቁር ነው እኮ አባባ።"

ኢንግሪድ በመጨረሻ ወረዱ። ግቢው መሐል ሲደርሱ ቀና ብለው ባንዲራውን አዩና ቆሙ። ልጃቸውን አንድ ነገር ጠየቁት፤ ልጁ እኔ አይደለሁም እንደማለት ራሱን ነቀነቀ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ቀና ብለው አዩ። ከዚያ ሁሉም የኛን ቤት ተመለከቱ። እኔ ከመስኮቱ ሥር ተደበቅኩ። አባባ ግን እጃቸውን አውለበለቡላቸው።

ሊመሽ ሲል በራችን ተንኳኳ። ኢንግሪድ ብቻቸውን፣ ትልቅ ሳህን ላይ ኬክ ይዘው ቆመዋል።

"ባንዲራውን የሰቀላችሁት እናንተ ናችሁ?"

"አባባ ነው" አልኩ ቶሎ ብዬ።

"ልጄ ነበር ቀድሞ መጥቶ ወደ ላይ ማውጣት የነበረበት። በግርግሩ ረሳነው። ስንመለስ ግን አናቱ ላይ ደርሶ አየነው። ሩነ በጣም ደስ ይለው ነበር። እንዴት አወቃችሁ?"

ለአባባ ተረጎምኩላቸው። አባባ ፈገግ አሉ። "እኮ! ታዲያ የት አሉ? ከመኪናው ሲወርዱ አላየኋቸውም። ጠዋት ጠዋት እየጠበቅኳቸው እንደሆነ ንገሪያቸው።"

"አባባ 'ሩነ መቼ ነው የሚመጣው?' ይላል" አልኳቸው ኢንግሪድን በስዊድንኛ።

ኢንግሪድ ወደ እኔ ዞሩ። ከዚያ ጎንበስ አሉ። "ሩነ እኮ ሞቷል፣ የኔ ቆንጆ። ዛሬ ነው የቀበርነው። አጥሩ ጋ ነግሬሽ ነበር።"

"ጎት ቦርት ነው ያሉኝ።"

"አዎ። እሱን ማለቴ ነው።"

"እራት ተጠርቶ መስሎኝ ነበር" አልኩ።

ኢንግሪድ አፋቸውን ከፈቱ። "እራት" አሉ። ከዚያ መሳቅ ጀመሩ። ኬኩ እጃቸው ላይ እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። እየሳቁ እንባቸው መጣ፤ እንባው ሲመጣም ሳቁ አላቆመም። "እራት! ሦስት ሳምንት ሙሉ እራት ላይ!" አሉ። አባባ አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን እያዩ አብረው ፈገግ አሉ። መልካም ወሬ መስሏቸው ነው። ሁሉን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። የአባባን እጅጌ ያዝኩ።

"አባባ" አልኩ በመጨረሻ። "አቶ ሩፋኤል ሞተዋል።"

አባባ ፈገግታቸው ቀስ ብሎ ጠፋ። ቆባቸውን አወለቁ።

"መቼ?"

"ያን ጊዜ። እንግድነት ሄዱ ያልኩዎት ጊዜ።"

"ወይኔ ወንድሜ!" አሉ አባባ። ያ መቶ ተማሪ የሚያሰልፈው ድምፅ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ሞላው። "ወይኔ ወንድሜ! ሳልጠይቅህ!" ኢንግሪድ ኬኩን ለእኔ ሰጡኝና አባባን አቀፉ። ሁለቱ በሩ ላይ ቆመው አለቀሱ። ከማዶ ቤቶች መጋረጃዎች ተገለጡ። ያን ያህል ሰው በዚያ መንገድ ላይ እንደሚኖር ያወቅኩት ያን ዕለት ነው።

ኢንግሪድ ዕንባቸውን ጠርገው ልማዱን አስረዱን። አንድ ቤት ሰው ሲሞትበት በቀብሩ ዕለት ባንዲራው እስከ ምሰሶው መሐል ይሰቀላል። ከቀብር በኋላ ደግሞ እስከ አናቱ ይወጣል። ነጭ ክራቫቱም የቅርብ ቤተሰብ የሐዘን ልብስ ነው። እኛ ሳናውቅ በሰዓቱ አደረስነው።

እናቴ ከሥራ ስትገባ ኬኩ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ኬክ ያልኩት ከላይ ሲታይ ነው። ውስጡ ዳቦና እንቁላል፣ ላዩ ላይ ደግሞ በክሬም ፈንታ ኪያርና ትንንሽ ሮዝ የባሕር ትሎች የሚመስሉ ነገሮች ተደርድረውበታል። እናቴ ታሪኩን ስትሰማ ኬኩን ረስታ ወንበር ላይ ቁጭ አለች።

"ለቅሶ ቤት ለጎረቤት ምግብ ይዞ መጣ? ምን ዓይነት ጉድ ነው! እኛ ሳንደርስላቸው እሳቸው መጡልን?"

"እዚህ አገር እንደዚያ አይደለም" አለ አባቴ። "ከቀብር በኋላ ሰው ብቻውን መሆን ይፈልጋል። ሳይደውሉ አይኬድም።"

"ማን ነው ከቀብር በኋላ ብቻውን መሆን የሚፈልገው? እስቲ አንድ ሰው ጥራልኝ።"

አባቴ ኬኩን አንስቶ ፍሪጅ ውስጥ ከተተ።

ቅዳሜ የኢንግሪድ ልጆች ወደየቤታቸው ተመለሱ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ እናቴ ስንዴና ሽምብራ ቀቅላ ንፍሮ ሠራች። ጥቁር ቀሚስ ለብሳ ነጠላዋን ለሐዘን እንደሚለበሰው ጥለቱን ወደ አንገቷ አዙራ ለበሰች። አባባ ሱፋቸውን ለበሱ። አባቴ እስከ በሩ ድረስ "መደወል ነበረብን" እያለ ተከተለን።

ኢንግሪድ በሩን ከፍተው አራታችንን በተርታ ሲያዩ መጀመሪያ የመሰላቸው ቤታችን የተቃጠለ ነው። "ምን ሆናችሁ?" አሉ። "ምንም" አልኩ። "ልንቀመጥ ነው የመጣነው።"

ገብተን ተቀመጥን። ዝም ብለን። ኢንግሪድ ምን እንደሚያደርጉ ጠፍቷቸው አንዴ ወደ ወጥ ቤት፣ አንዴ ወደ ሳሎን ተመላለሱ። እናቴ ተነስታ በእጃቸው ይዛ አስቀመጠቻቸው። ንፍሮውን ስታቀርብላቸው ኢንግሪድ በማንኪያ ቀመሱት። ቆይተው እርጎ አምጥተው ቀላቀሉበትና እንደ ቁርስ በሉት። እናቴ በሕይወቷ እንዲህ ዓይነት ነገር አይታ አታውቅም፤ ግን ሳህኑ ባዶ ስለሆነ ጨመረችላቸው።

ከዚያ ኢንግሪድ ማውራት ጀመሩ፤ እኔ ተረጎምኩ። ሩነ የተወለዱት እዚያው ቤት፣ ከላይ ባለችው ክፍል ውስጥ ነው። ያኔ መንገዱ ላይ ዳቦ ጋጋሪና ጫማ ሰፊ ነበር። ልጆች ከግቢ ግቢ አጥር እየሾለኩ ፖም ይሰርቁ ነበር። ጎረቤት እንቁላል ያለቀበት እንደሆነ ሳያንኳኳ ገብቶ ይወስዳል። ከዚያ የቀድሞዎቹ ሰዎች አንድ በአንድ አለቁ፣ አዲሶቹ ሥራ በዛባቸው፤ መቼ እንደቀረ ሳይታወቅ ያ ሁሉ ቀረ አሉ። አባባ እያንዳንዱን ነገር በጥሞና ሰሙ፤ የዳቦ ጋጋሪውንም ስም ጠየቁ። ኢንግሪድ ሲያወሩ ጉንጫቸው እየቀላ መጣ። መሐል ላይ እንቅልፍ ሸለብ አደረጋቸው። እናቴ ብርድ ልብስ አልብሳቸው ዕቃውን አጠበች። እኛም ካለንበት አልተነሳንም።

ሲነቁ እዚያው ነን። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አዩ፤ እኛን አዩ። ልንሄድ ስንነሳ እስከ በሩ ሸኙንና እጀታውን ይዘው ትንሽ አመነቱ።

"ነገስ ትመጣላችሁ?" አሉኝ።

ለእናቴ ተረጎምኩላት። እናቴን ይህ መጠየቁ ራሱ ገረማት።

"ነገም፣ ከነገ ወዲያም በያቸው። ጎረቤት አይደለን?"

ነገርኳቸው። ኢንግሪድ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"እንግዲያው በሩን አልቆልፈውም" አሉ።